ከቀዩ በር ሥር እጄን ምን ላድርገው?

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ ሐዋሳ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ከኅዳር 20 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት የካይዘን (የጃፓኖች የሥራ አሻሻል ዘዴ) ሥልጠና ወደ ጃፓን እሄዳለሁ። በላኩልን ፕሮግራም ላይ የመጀመሪያው እሑድ «ኪዮቶ፣ ፉሺሚ ኢናሪ» ይላል። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ የቀበሮ ምስል ያለበት የሺንቶ፣ የጃፓኖች ነባር ሃይማኖት፣ ቤተ አምልኮ ነው አሉኝ። እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች፤ «ጣዖት ቤት ገብተሽ እንዳትሰግጂ» ትለኛለች። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ከቀዩ በር ሥር ያለፈ ሰው ቃል ኪዳን እንደገባ ይቆጠራል ብላ አስፈራራችኝ። ሌላው ደግሞ «ሽርሽር ነው፣ አታካብጂው» ይላል። አልገባም ብል አስተናጋጆቹን አስቀይም ይሆን? ብገባስ እጄን ምን ላድርገው? ለእናቴ ሙዚየም ነው የሄድነው ብላት ይሻላል?

የተጨነቀች፣ ከሐዋሳ

*

የተጨነቅሽው እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ለእናትሽ አትዋሺ። ሙዚየም ነው ብትያት አብረውሽ ከሚሠለጥኑት አንዱ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል፣ የጎረቤት ልጅ ወስዶ ያሳያታል፣ ከዚያ ወዲያ የምታለቅሰው ስለ ቀበሮው መሆኑ ቀርቶ ስለ ውሸቱ ይሆናል። ለእሷ የሚነገር ደህና ታሪክ እዚያው ቦታ ላይ አለ፤ ቆየት ብዬ እነግርሻለሁ።

እኔ ኪዮቶ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። የተከራየሁት ክፍል ከፉሺሚ ኢናሪ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። የነገረ መለኮት ሰው ግን አይደለሁም። ኃጢአት ነው፣ አይደለም የሚለውን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። የእኔ ድርሻ እዚያ ምን እንዳለና ሰው ምን እንደሚያደርግ መንገር ነው፤ አባ «እዚያ ምን ይደረጋል?» ሲሉሽ «ቀበሮ አለ» ብቻ ብለሽ እንዳትመልሺላቸው።

ጃፓኖች የሺንቶውን ቤት ጂንጃ ይሉታል። የቡድሃው ቴራ ነው። በሩ ሁለት ቋሚና ከላይ ሁለት አግዳሚ ከሆነ ጂንጃ ነው፤ ዕጣን ከሸተተሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቴራ ነው። ፉሺሚ ኢናሪ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ711 ነው ይባላል። ትውፊቱን ልንገርሽ። ከባሕር ማዶ መጥቶ በዚያ አካባቢ የሰፈረ ሐታ የሚባል ጎሳ ነበር። ከነሱ አንዱ፣ ኢሮጉ የሚባል ባለጸጋ፣ ከመጥገቡ ብዛት የሩዝ ቂጣ ዒላማ አድርጎ በቀስት ወጋው። ቂጣው ነጭ ወፍ ሆኖ በረረና ተራራው ላይ አረፈ፤ ያረፈበት ቦታ ሩዝ አበቀለ። ኢናሪ የሚለው ስም ከዚያ ከሩዙ መብቀል የመጣ ነው ይላሉ። እኔ መሬት የወደቀ እንጀራ አንስታ የምትስም አያት ያሳደገችኝ ነኝና ታሪኩን ስሰማ ብዙም አልገረመኝም። እህል ላይ መቀለድ እዚያም ነውር ነው።

እንግዲህ ኢናሪ የሩዝ ካሚ ነው። ካሚን እግዚአብሔር ብለሽ እንዳትተረጉሚው፤ ተራራ፣ ፏፏቴ፣ ያረጀ ዛፍ፣ የሞተ ጀግናም ካሚ ይባላል። ኋላ ላይ ነጋዴውም ስለ ገበያው ወደ ኢናሪ መሄድ ጀመረ፤ ዛሬ በመላ ጃፓን ወደ 30,000 የሚጠጉ የኢናሪ ቤቶች አሉ፣ የሁሉም አውራ ፉሺሚ ነው። እናትሽን ያስጨነቋት ቀበሮዎች ራሳቸው ካሚ አይደሉም፤ የኢናሪ መልእክተኞች ናቸው ተብለው ነው የቆሙት። አንገታቸው ላይ እንደ ሕፃን የለሃጭ መጥረጊያ ቀይ ጨርቅ ታስሮላቸዋል። አንዱ በአፉ ቁልፍ ይዟል፣ የሩዝ ጎተራ ቁልፍ ነው ይላሉ፤ ሌላው የሩዝ ነዶ፣ ሌላው ጥቅል ጽሑፍ። ይህን የምነግርሽ ውደጃቸው ብዬ አይደለም። ለእናትሽ «ቀበሮ ያመልካሉ» ብለሽ እንዳትነግሪያት ነው፤ እኛም ስለ እኛ እንዲህ ተሳስቶ ቢወራ ደስ አይለንም።

አሁን ወደ ቀዩ በር እንምጣ። ስሙ ቶሪ ነው፤ ፉሺሚ ላይ ተራራውን ሽቅብ ተከትለው የተደረደሩት ወደ 10,000 ይደርሳሉ። አንዳንድ ቦታ በጣም ከመጠጋጋታቸው የተነሣ የዝናብ ጠብታ እንኳ በመካከላቸው አምልጦ የሚገባ አይመስልም። ባልደረባሽ ከሥሩ ያለፈ ቃል ገባ ያለችሽ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። እኔ የማውቀው ቃሉን የሚገባው በሩን ያቆመው ሰው መሆኑን ነው። ስለት ነው፤ ሌላ ቃል አልፈልግለትም። እኛ ጃንጥላና ምንጣፍ እናስገባ የለ? እነሱ በር ያስገባሉ። ልማዱ የበረታው ከኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868) ወዲህ ነው። ትንሹ በር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የን ያወጣል፣ ትልቁ ከ1 ሚሊዮን የን ያልፋል። እንጨት ስለሆነ እርጥበቱ ከሥሩ ይበላዋል፤ ተነቅሎ ሌላ ስለተኛ በቦታው ይተክላል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ሽቅብ ስትወጪ በሮቹ ባዶ ናቸው፣ ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም ብቻ ነው የምታይው። ስትመለሺ ግን እያንዳንዱ ቋሚ ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ጽሑፍ ታያለሽ፤ በአንዱ በኩል የሰጪው ስም፣ በሌላው የተተከለበት ቀን። ከተራራው በኩል የሚነበብ ነው። እኔ ፊደሉን ማንበብ ስጀምር በጣም ነው የሳቅኩት፤ ያን ያህል ምሥጢር መስሎኝ የነበረው ለካ የድርጅት ስም ነው። የሕንፃ ተቋራጭ፣ የምግብ ቤት፣ የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ። ያ ሁሉ ቀይ መንገድ «ገበያዬን ባርክልኝ» እና «ስለሆነልኝ አመሰግናለሁ» የሚል የነጋዴ ሰልፍ ነው።

ወደ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ውኃ ያጋጥምሻል። በድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይፈሳል፤ አንዳንዴ ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ ይቀመጥለታል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ያደረግኩትን ልናዘዝ። ውኃ፣ ገንዳ፣ ዝም ብሎ የተሰለፈ ሰው፤ እንጦጦ የመጣሁ መሰለኝ። ጭልፋውን ሞላሁና ግንባሬ ላይ ከለበስኩት። ከዚያ ደግሜ ልጠጣ አፌ ላይ ላደርገው ስል አንዲት ደቃቃ አሮጊት እጄን በሁለት ጣቶቻቸው ያዙኝ። አልተቆጡም። ጭልፋውን ወሰዱና አሳዩኝ፦ በቀኝ ይዞ ግራ እጅን፣ ከዚያ ቀኙን፣ ከዚያ ወደ ግራ መዳፍ ጥቂት አፍስሶ አፍን መጉመጥመጥና ወደ ጎን መትፋት፣ በመጨረሻ ጭልፋውን ቀጥ አድርጎ እጀታውን ማጠብ። በቀረው ውኃ። አንድ ጭልፋ ለሁሉም ይበቃል። እኔ ፊቴ እየተንጠባጠበ ቆሜ ነበር፤ ከቦርሳቸው ትንሽ ፎጣ አውጥተው ሰጡኝ። ጠበል አይደለም፣ አይጠጣም። የመታጠቢያ ውኃ ነው። እጅሽን መታጠብ ካልከበደሽ ታጠቢ፣ ካልፈለግሽም እለፊው፤ ሳይታጠብ የሚያልፈው ጎብኚ ብዙ ነው።

እውነተኛው ጥያቄሽ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ዋናው ቤት ፊት ስትደርሺ የገንዘብ ሣጥንና ከላይ የተንጠለጠለ ቃጭል ታያለሽ። ምእመኑ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ አይገባም፤ እንደ እኛ መቅደስ ሁሉ ውስጡ የካህናት ነው። ሰው ከውጭ ቆሞ ሳንቲም ይጥላል፣ ገመዱን ስቦ ቃጭሉን ያንቃጭላል፣ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ይላል፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፣ በልቡ የሚለውን ይላል፣ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አስጎብኚሽ ይህን በደስታ ያሳይሻል፣ «ሞክሪው» ይልሻል፣ ጓደኞችሽ ስልክ አውጥተው ይቀርጹሻል። ጭንቁ እዚያ ላይ ነው።

ጃፓን ውስጥ ጎንበስ ማለት ራሱ ችግር አይደለም። የባቡሩ ተቆጣጣሪ ፉርጎ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ለተሳፋሪው ጎንበስ ይላል፤ ሥልጠናው ላይ አንቺም በቀን ሃያ ጊዜ ትያለሽ፣ በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ስታወሪ ብቻሽን ጎንበስ ስትዪ ራስሽን ትይዣለሽ። ያ የአክብሮት ነው። የገንዘብ ሣጥኑ ፊት የሚደረገው ግን ሌላ ነው። አቅጣጫ አለው፣ የሚነገረው አለ፤ ሳንቲሙም መባ ነው። «ዝም ብሎ ባህል ነው» የሚሉሽ ሰዎች ለአንቺ አስበው ይሆናል፣ ግን እዚያ ጎን ለጎን ዓይኗን ጨፍና ስለታመመ ልጇ የምትለምነውን ሴት ረስተዋል። ለእሷ ባህል ብቻ አይደለም።

ጥያቄው ደግሞ በአንቺ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1932 ቶኪዮ ያለ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያሱኩኒ ወደሚባለው የጦር ሙታን ጂንጃ ተወስደው ጥቂቶቹ ጎንበስ አንልም አሉ። ጦር ሠራዊቱ ተቆጣ፣ ጉዳዩ የሀገር መነጋገሪያ ሆነ። በ1936 ቫቲካን ሥርዓቱ የዜግነትና የሀገር ፍቅር መግለጫ ነው በሚል ለካቶሊኮች ፈቀደ። በዚያው ዘመን በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ኮሪያ ፓስተር ቹ ኪ ቾል አልሰግድም ብሎ ታሰረ፤ በ1944 ፒዮንግያንግ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ክርስቲያኖች ናቸው ሁለቱም ወገን። እኛም ዘንድ ሠለስቱ ደቂቅ ለወርቁ ምስል አንሰግድም ብለው እቶን እሳት ውስጥ ገብተዋል፤ ሶርያዊው ንዕማን ደግሞ ጌታው በሬሞን ቤት ሲሰግድ አብሬው ጎንበስ ብል ይቅር ይበለኝ ብሎ ቢጠይቅ ኤልሳዕ «በሰላም ሂድ» ነው ያለው። አባ ሁለቱንም ይነግሩሽ ይሆናል።

በእነዚህ ሁሉና በአንቺ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። እነሱን የሚያስገድድ ነበር። አንቺን የሚያስገድድሽ የለም። የመንግሥቱና የጂንጃው ትስስር ጦርነቱ ባለቀ በወራት ውስጥ፣ በታኅሣሥ 1945 እ.ኤ.አ.፣ በትእዛዝ ተቆርጧል። ዛሬ ፉሺሚ ኢናሪ መግቢያ አይከፈልበትም፣ ሌት ተቀን ክፍት ነው፣ በር ላይ ሃይማኖትሽን የሚጠይቅ የለም፣ ካላጨበጨብሽ የሚያይሽም የለም። (ሴቶች ስለሚጨነቁበት ስለ ወር አበባም የሚጠይቅ የለም፤ ሳትጠይቂኝ የመለስኩት ብዙዎች ስለሚያፍሩ ነው።) የምትፈሪው ቤቱን ሳይሆን የቡድንሽን ዓይን ይመስለኛል።

የእኔን ልንገርሽ። መጀመሪያ ጊዜ ሌሎቹ ስላጨበጨቡ አጨበጨብኩ፣ የጓደኞቼ ስልክ ተደግኖብኝ ስለነበር እየሳቅኩ። ያን ቀን ማታ ደስ አላለኝም። መብረቅ ይመታኛል ብዬ አይደለም፤ የማላምንበትን ጸሎት የሚያምንበት ሰው አጠገብ ቆሜ ስለቀለድኩበት ነው። ላሊበላ መጥቶ ለፎቶ ብሎ መቋሚያ ይዞ የሚዘል ፈረንጅ አይተሽ ታውቂ ይሆናል፤ ያንን ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ አልቆጠርኩም፣ የማደርገው ግን አንድ ነው። ከቶሪው ሥር በመንገዱ ዳር ዳር አልፋለሁ፤ መካከሉ የካሚው መንገድ ነው ስለሚሉ ሰው ዳሩን ይይዛል። ሣጥኑ ጋ ስደርስ ከሰልፉ ወጥቼ ጎን ላይ እቆማለሁ። ኮፍያ ካደረግኩ አወልቃለሁ። አላጨበጭብም፣ ሳንቲም አልጥልም፣ ወደ ውስጥ ፎቶ አላነሣም። ሰዎቹ እስኪጨርሱ ዝም ብዬ አያለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን የመጣ ጨዋ እንግዳ እንዲሆን የምመኘው ይህንኑ ነው።

አስጎብኚው «ነይ» ሲልሽ እጅሽን ደረትሽ አካባቢ ከፍ አድርገሽ «ዳይጆቡ ዴስ» በይው፤ ግድ የለም፣ ይሁን እንደማለት ነው። ደግሞ ከጠየቀሽ «ኪሪሱቶክዮቶ ዴስ»፣ ክርስቲያን ነኝ። በዚህ አይቀየምም። እንኳን አንቺ፣ ቤተሰቡ የሞተበት ጃፓናዊ ራሱ እስከ ሃምሳ ቀን ድረስ ቶሪውን ላለማለፍ ከውጭ ይቀራል፤ ሰው በር ላይ ሲቀር ማየት ለእነሱ እንግዳ ነገር አይደለም። አባ ከነጭራሹ አትግቢ ካሉሽም ከበሩ ፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ ሱቅ ሞልቷል፣ ሻይ ይዘሽ ትጠብቂያቸዋለሽ። ብቻ ቀድመሽ፣ ከእሑዱ በፊት፣ ለአስተባባሪው ንገሪ። ጃፓኖችን የሚያስጨንቃቸው እምቢታው ሳይሆን ድንገተኛነቱ ነው።

ጎን ላይ ቁሚ ብዬ ሳበቃ ግን ጥቂት ነገሮችን ራቂያቸው የምለው አለኝ። ከጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ሣጥን ነቅንቀሽ ቁጥር የወጣበት ዘንግ ታወጫለሽ፣ በቁጥሩ ዕድልሽ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጥሻል፤ ክፉ ከወጣ እዚያው አስረሽው ትሄጃለሽ። ኦሚኩጂ ይባላል። ጨዋታ ነው ይሉሻል። እኔ ክፉ የወጣላት አንዲት ሐበሻ ልጅ ጨዋታ ነው እያለች ሦስት ቀን ምግብ ሲያቅታት አይቻለሁ። ከበሮቹ ጥቅጥቅ ያለ መንገድ ማብቂያ ላይ ደግሞ ሁለት የድንጋይ ፋኖሶች አሉ፤ ምኞትሽን ታስቢና የአናቱን ድንጋይ ታነሺያለሽ፣ ከጠበቅሽው ከቀለለሽ ይሆናል፣ ከከበደሽ አይሆንም ይባላል። ሰልፍ አለው። ቆመሽ የሰዎቹን ፊት ማየቱ ብቻ ይበቃል፤ በተለይ ግዙፍ ጎረምሳ አንስቶ ፊቱ ሲጠቁር። ኦማሞሪ የሚሉት በጨርቅ የተሰፋ ክታብም ይሸጣል፣ ያምራል፣ ለስጦታ ያጓጓል። እናትሽ እጅ ላይ ክታብ ይዘሽ እንዳትደርሺ አደራ።

ተራራው ላይ ውጪ ግን። እውነቱን ለመናገር እኔን ደጋግሞ የወሰደኝ እሱ ነው። ከፍታው 233 ሜትር ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ለመጨረስ ወደ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ ግማሽ ላይ ዮትሱጹጂ የሚባል መስቀለኛ ቦታ አለ፣ ኪዮቶ ከሥርሽ ተዘርግታ ትታያለች። ቡድንሽ ብዙ ጊዜ ከሥር ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል፤ አንቺ ፈቃድ ጠይቂና ከፍ በይ። ከዮትሱጹጂ በላይ ሰዉ ይሳሳል። ደኑ ይጨልማል፣ ድንጋዩ ሽበት ያወጣል፣ በየጥጋጥጉ ስም የተቀረጸባቸው ትንንሽ ድንጋዮች ቆመዋል፣ ድመት ፀሐይ ይሞቃል። ዛፉ ያልተቆረጠው የካሚው ስለሆነ ነው። በኅዳር ማለዳ አንድ ደብር ቅጥር ውስጥ ካለው ጽድና ወይራ ሥር ቆመሽ የሚሰማሽ ዓይነት ዝምታ አለ፤ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ እዚያ ብቻ ደን የቀረው ለምን እንደሆነ እኛ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ጫማሽ የማያዳልጥ ይሁን፣ ደረጃው ድንጋይ ነው። ነጠላ የግድ አይደለም፣ ሹራብ ግን የግድ ነው፤ ሐዋሳ ለለመደ ሰው የዚያ ወቅት ብርድ ይገባል። ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለችና ጠዋት ቢወስዷችሁ ይሻላል። ብቻሽን ልትመለሺ ከፈለግሽ ከኪዮቶ ጣቢያ የናራን መስመር ያዢ፤ ሁለተኛው ፌርማታ ኢናሪ ነው፣ አምስት ደቂቃ። ዝግ ብሎ የሚሄደውን ባቡር ያዢ እንጂ ፈጣኑን አትሳፈሪ፤ ኢናሪ ላይ ሳይቆም ይዞሽ የሚያልፍ አለ።

የምትሄጂው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው፤ ስለ ምግቡም አንድ ነገር ልበል። ከበሩ ፊት ያሉት ሱቆች የታወቁት ሁለት ነገር በመሸጥ ነው። አንዱ የተጠበሰ ድንቢጥ ነው፣ ከነራሱ በእንጨት ተወግቶ፤ ሩዝ የምትበላ ወፍ ስለሆነች ነው መባሉ። እሱ አያጓጓሽም። ሁለተኛው ኢናሪዙሺ ነው፣ በዘይት የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቶፉ ውስጥ የተጠቀጠቀ ሩዝ፤ ቀበሮዎቹ ይወዱታል ይባላል። የጾም ይመስላል። ነገር ግን ቶፉው ብዙ ጊዜ የሚቀቀለው ዳሺ በሚባል የዓሣ መረቅ ነው፤ ዓሣ የማትበይ ከሆነ ተጠንቀቂ። ሾርባቸው ሁሉ ማለት ይቻላል ዳሺ አለበት። በብርድ ጊዜ የተጠበሰ ስኳር ድንች ይሸጣሉ፤ በደረቁ፣ ትኩስ፣ ማር የሆነ። ከሐዋሳው አይተናነስም፣ ዋጋውን ግን ወደ ብር አትመንዝሪ።

ያልጠበቅሽውን አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ከእሑዱ ይልቅ ሰኞ ሊያስቸግርሽ ይችላል። ብዙ የጃፓን ድርጅቶች ጣሪያ ላይ ወይም ግቢ ጥግ ትንሽ ጂንጃ አላቸው፤ ቀይ በር፣ ሁለት ቀበሮ፣ ከቁም ሣጥን የማይበልጥ ቤት። ለካይዘን ፋብሪካ ሲያስጎበኙሽ ሥራ አስኪያጁ ቆም ብሎ ጎንበስ ሊል ይችላል። እዚያ ሕዝብ የለም፣ ከጎን የምትቆሚበት ሰልፍም የለም፣ እናንተ ብቻ ናችሁ። አትደንግጪ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተሽ እስኪጨርስ ጠብቂው። ሲዞር አንቺ ለእሱ ጎንበስ በይ፤ ለእሱ፣ ለሰውየው። ያ የአክብሮት ስለመሆኑ እናትሽም አትከራከርሽም።

አንቺም ወደዚያ ሀገር የሄድሽ የመጀመሪያዋ የቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለሽም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ጃፓንን ዞረዋል፤ በክብር ሄደው በክብር ተመልሰዋል። ከኢትዮጵያ ነኝ ስትዪ ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ፊታቸው ይበራል፤ «አበበ!» ይሉሻል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2:12:11 ሲያሸንፍ ያዩ ናቸው። እኔን ያቺ አሮጊት ፎጣውን ከሰጡኝ በኋላ ከየት ነሽ አሉኝ፤ ስነግራቸው እግሬ ባዶ መሆን አለመሆኑን እንደሚያይ ሰው ጫማዬን አዩ። ሮም ላይ ነበር እንጂ በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ ተጫምቶ ነው የሮጠው፤ ግን ማን ይከራከራቸዋል።

ለእናትሽ የምትነግሪያት ታሪክ ይኸው። ፉሺሚ ስትደርሺ ከቶሪው ቀጥሎ ባለ ሁለት ደርብ ትልቅ ቀይ በር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1589 የተሠራ ነው። ያሠራው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ነው ይባላል፣ ከተራ ቤተሰብ ተነሥቶ ጃፓንን አንድ ያደረገ የጦር መሪ፣ ሰው የሚንቀጠቀጥለት። እናቱ ታመሙበት። ያ ሁሉ ጦር ምንም ሊያደርግለት አልቻለምና ስለት ተሳለ፤ እናቴ ከዳነች 10,000 ኮኩ ሩዝ አገባለሁ ብሎ ጻፈ። አንድ ኮኩ አንድን ሰው ዓመት ይመግባል ተብሎ የሚሰፈር ነበር። ስለቱ የተጻፈበት ወረቀት ዛሬም አለ። እናትሽ ስለ ቀበሮ ከምታልም ስለዚህ ሰውዬ ብታስብ ይሻላታል፤ ለማን እንደተሳለ አትስማማበትም፣ ስለ ምን እንደተሳለ ግን ይገባታል። ከመሄድሽ በፊት በአካል ንገሪያት፣ በስልክ አይሁን፤ የንስሐ አባትሽ ያሉሽንም አብረሽ።

ለአስተናጋጆችሽ ቡና ይዘሽ ሂጂ፣ የተቆላ እንጂ ጥሬ አይሁን፣ ጥሬ የሚቆላበት የላቸውም። ለእናትሽ ደግሞ የኡጂ ሻይ አምጪላት፤ ያው የናራ ባቡር ከኢናሪ አልፎ ወደ ኡጂ ይወስድሻል፣ የጃፓን አረንጓዴ ሻይ የሚመሰገነው እዚያ ያለው ነው። ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው። እናትሽ ሦስት ማንኪያ እንደምትጨምርበት አውቃለሁ፤ ተያት።